የጋሽ አንጁሎ ቁመት

ሰው ጩኸት ያለበትን ሥራ ያምናል። እኛ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ወርዳችሁ እዩ፤ የእንጨት ቤቱ ማሽን ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ ይውላል፣ ጎረቤቱ ጆሮው ቢደነቁር እንጂ አይጠረጥርም። ምን እንደሚሠራ ይሰማዋላ። ጓሮው ገብቶ በዝምታ የሚሠራ ሰው ግን፣ ጸሎተኛም ቢሆን፣ የሆነ ነገር ይደብቃል።

ያ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ። ብዙ አልተማርኩም፤ እጄ ግን መጋዝና መላጊያ ያውቃል። ዘንድሮ ጓሮዬ ካለው ማንጎ ሥር ቋሚ አቁሜ፣ ቆርቆሮ አልብሼ፣ የአባያ ሐይቅ ነፋስ የሚገባበትን በኩል ክፍት ትቼ፣ የምትመች የሥራ ጥግ አበጀሁ። ወገቤ መጎንበስ እምቢ ስላለኝ ተቀምጬ የምሠራበት ረጅም አግዳሚ አስፈለገኝ። ሆዱ የዕቃ ሳጥን እንዲሆን፣ ክዳን እንዲኖረው፣ ምስጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ እንዲል አስቤ የዋንዛ ጣውላ መላግ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ አንጁሎ ታመሙ። ማለዳ ማለዳ እየገባሁ እጸልይላቸው ነበር። አንድ ቀን አሜን ብዬ ስነሣ የአልጋቸው የጎን እንጨት ተሰንጥቆ አየሁ። ሳልነግራቸው ሠርቼ ላስደስታቸው ብዬ፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ በስንዝር ለካሁ።

ከዚያ ወዲያ ሚስታቸው እትዬ ዳምነሽ "ተኝተዋል" እያሉ ከበር ይመልሱኝ ጀመር። ሥራ ላይ ስሆን ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ ዓይን አያለሁ። እኔም ጠረጠርኩ፤ ያለ ፈቃድ ይሠራል ብለው ለቀበሌ ሊናገሩብኝ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ጸሎቴም ተበላሸ። "ጌታ ሆይ ማራቸው" እላለሁ፣ ልቤ ግን ቀዳዳው ላይ ነው። የስንት ዘመን ጉርብትናችን በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ሊያልቅ ነው።

ክዳኑን የገጠምኩ ዕለት ጋሽ አንጁሎ ጋቢ ደርበው፣ የሚስታቸውን ትከሻ ተደግፈው መጡ። ከታመሙ ወዲህ ደጅ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው።

"ክፈተው" አሉኝ።

ከፈትኩ። መዶሻ፣ መሮ፣ መጋዝ።

"ለዕቃ ነው?"

"ለዕቃ ነው ጋሼ። ለምን መሰልዎት?"

"ታዲያ እኔን ለምን ለካኸኝ?"

"አልጋውን ነው እኮ የለካሁት።"

"እኔ ላዩ ተኝቼ?"

እትዬ ዳምነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። "አጥሚት እንኳ እምቢ ያለ ሰው፣ የሬሳ ሳጥኔን ሳላይ አልሞትም ብሎ ተነሣልኝ።"

እኔም ሳቅሁ። ጋሽ አንጁሎ አልሳቁም። ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ በጣታቸው አንኳኩት።

"ዋንዛ ነው?"

"ዋንዛ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ከፊታቸው ሄዶ የባሰው መጣ።

"ለመዶሻ ዋንዛ። ለእኔ ቢሆን ባሕር ዛፍ ነበር፣ አይደል?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? ለእርስዎም ዋንዛ ነው ብል ሞታቸውን ስጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ አስቤውም አላውቅም ብል ንፉግ ልባል ነው። ክዳኑን ዘግቼ "እስኪ አረፍ ይበሉ ጋሼ" አልኳቸው።

ተቀመጡ። ወዲያ ወዲህ ብለው ሞከሩት።

"ይመቻል" አሉ፣ አሁንም በጎን እያዩኝ።