በሸራ የተሰማ

የሰው ጨዋነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ድንኳን ውስጥ አሳድሩት። ግድግዳ ባለው ቤትማ ማን ጨዋ ያልሆነ አለ? ሲያንኮራፋ ያደረውም፣ ከሚስቱ ሲጨቃጨቅ ያመሸውም፣ በእንቅልፍ ልቡ አለቃውን የተሳደበውም ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ሁላችንም በአክብሮት እጅ እንነሣዋለን። በድንኳን ግን ከጎረቤትህ የምትለይህ አንዲት ሸራ ናት። እሷም የምትከለክለው ማየትን እንጂ መስማትን አይደለም።

ይህን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ክረምት የደሴና የአካባቢው መምህራን ተሰባስበን፣ እርከን ትሠራላችሁ፣ ችግኝ ትተክላላችሁ ተብለን ሐይቅ ዳር ሰፈርን። ከፊታችን ውሃው፣ ወዲያ ማዶ ጉም የለበሰው አምባሰል። ድንኳኖቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ አንዱ ሲያስነጥስ ከወዲህ "ይማርህ"፣ ከወዲያ "የርሐሙከላህ" ይባልለታል። እንዲህ ያለ ምርቃት የቤት አልጋ ላይ አይገኝም።

ታዲያ በሁለተኛው ቀን ጠብ ተነሣ። አንዱ መምህር ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ የሚስቱን ወጥ ያማውን፣ ሌላው ቁርስ ላይ በሰው ፊት ደገመበትና አካፋ ሊማዘዙ ሆነ። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር ኮሚቴ ነበረና ወዲያው የካምፕ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሽ ይመር ሆኑ። እሳቸውም ሌላው ሊቀ መንበር ሁለት ሰዓት የሚፈጅበትን አዋጅ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ "ልጆቼ፣ አፈር ስሆን፣ በሸራ የተሰማ እንዳልተሰማ ይቆጠር" አሉ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን የሰማውን የማያወራ ጎረቤት የት ይገኝ ነበር? አንዲት ቃል ከድንኳን ወጥታ ቀበሌ ከደረሰች ባለቤቷን ታስጠራለች። ስለዚህ አዋጁን ሁላችንም ወደድነው። እንዲያውም አንድ ምሽት ራሳቸው ጋሽ ይመር ጦር ሜዳ የሄደ ልጃቸውን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ ሰማናቸው። ይቅርታ፣ አልሰማናቸውም። በማግሥቱ ስለ ልጃቸው የጠየቃቸው የለም፤ ነገር ግን አካፋቸውን ባነሡ ቁጥር የሆነ እጅ መጥቶ ይቀበላቸዋል፣ ሻያቸው ላይም ስኳሩ በዛ ይላል። እኔም ሰው ሲቀበላቸው አይቼ ተቀበልኳቸው። ለምን እንደተቀበልኩ ግን ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ከእኔ ድንኳን ቀጥሎ የሰዓዳ ድንኳን ነበር። ሰዓዳ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወደድኳት፣ በቃ። ልብስ ልታጥብ ወደ ውሃው ስትወርድ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች። ማንጎራጎርን መስማት በአዋጁ ይከለከል እንደሆነ ኮሚቴውን ልጠይቅ አሰብኩና፣ "አዎ" እንዳይሉኝ ፈርቼ ተውኩት። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ በየጠዋቱ እነሣለሁ፤ ሳልነግራት ይመሻል።

ካምፑ ሊፈርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ ቆም እንዳለ፣ ሰዓዳ ለድንኳን ጓደኛዋ ለአልማዝ ስታወራ ሰማሁ። አንድ የባቲ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክባት ነው፤ ከዘመቻው ስትመለስ አባቷ መልሷን ይጠብቃሉ። "ሐሰን ቢጠይቀኝ እኮ ወላሂ እሺ ነበር የምለው" አለች። "ዝም ካለኝ ግን ለአባቴ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?"

ሐሰን እኔ ነኝ።

እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ። ጠዋት ግን ከደስታዬ ቀድሞ ጨዋነቴ ነቃ። የሰማሁት በምንድን ነው? በሸራ! ታዲያ በሸራ የሰማሁትን ይዤ ብጠይቃት፣ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ወሬኛ መሆኔ አይደለም? አልሰማሁም ብዬ ቆረጥኩ።

በዚያ ቀን ካምፑን ምን እንደነካው እንጃ። ችግኝ የምንሸከምበትን ቃሬዛ ባንድ ወገን ስይዝ በሌላው ወገን የሚይዝልኝ ሰው ጠፋ፤ ሰዓዳ መጣች። ምሳ ላይ ከእሷ አጠገብ ካለው ድንጋይ በቀር መቀመጫ አልተገኘም። ከማዶ ችግኝ የሚያመጣ ሰው ሲፈለግ ደግሞ ጤነኛው ሁሉ ወገቡን አመመው፤ በታንኳ የተላክነው እኔና ሰዓዳ ነን። በዚያ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እየቀዘፍኩ ምን ያወራሁላት ይመስላችኋል? ስለ አፈር መሸርሸር! የጂኦግራፊ መምህር አይደለሁ? እሷም እስክጨርስ ታገሠችኝና፣ ትናንት ማታ ምንም አልሰማህም ወይ አለችኝ።

"ኧረ ምንም!" አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

"አብሽር" አለችና ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች።

በመሰናበቻው ቀን ኮሚቴው በሥነ ሥርዓት አርአያ የሆነውን ሰው ሸለመ። ከእኔ ሌላ ማን ይሆናል? ጋሽ ይመር ለሁለት ሰው የሚበቃ ብርድ ልብስ አስታቀፉኝና፣ "ይህንን እንኳ ያሰብነው ለሌላ ነገር ነበር፤ በል ልጄ፣ ውሰደው" አሉኝ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችልኝ ሰዓዳ ናት። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል አልማዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ሐሰኔ፣ እኔ እኮ ያን ማታ አጠገቧ ነበርኩ። ለእኔ ለመንገር እንደዚያ የሚያስጮኻት ምን አለ?" አለችኝ። እኔም ግራ ተጋብቼ አዋጁን ጠቀስኩላት።

"አዋጁማ አፋችሁን ዝጉ አለ እንጂ እጃችሁን እሰሩ አለ?" አለች። "የጋሽ ይመርን አካፋ ስትቀበል ማን ነግሮህ ነበር?"

ሰዓዳ ባቲ ገባች። በሐይቅ ባለፍኩ ቁጥር መኪናው ቀስ ባለልኝ እላለሁ። ያን ክረምት የተከልነው ችግኝ ዛሬ ጥላ ሆኖ ሰው ተቀምጦበታል፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ልብስ ታጥብበት ወደነበረው ዳርቻ ነው። ትናፍቀኛለች። ይህንን ጮክ ብዬ ብናገርም የሚሰማኝ የለም፤ የእኔ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው።

ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ አለ። አንደኛው ወገኑ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ሌላኛው ወገኑ ገና አዲስ ነው።