የተቀመጠብኝ ገማች

ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ እኔ ብቻ ተኝቼ ሳለሁ፣ አንድ ሙክት ሲገምተኝ በሕልሜ አየሁ። ወገቤን ዳብሶ «ሥጋ የለውም» አለ። የከፋኝ ግን ሙክቱ አይደለም፤ ከሙክቱ በኋላ የመጣው ነው።

ሕልሙ እንዲገባችሁ ሥራዬን ልንገራችሁ። ሰይፈ እባላለሁ፤ ደሴ ውስጥ በአንድ ባንክ የቤት ገማች ነኝ። ሰው ቤት ለመግዛት ሲበደር ቤቱ ስንት ያወጣል ብሎ የሚፈርደው እኔ ነኝ። ድሮ ዳገት ወጥቼ፣ ጭቃ አቡክቼ፣ ከየግቢው ውሻ ጋር ተጣልቼ ነበር የምገምተው። አሁን አሠራሩ ተቀይሯል። መረጃ ሰብሳቢ የሚባል ሰው ይላካል፤ እሱ ቤቱን ይለካል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ያገኘውን የቤት ሰው ይጠይቃል። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ፎቶውን እያየሁ ዋጋ እሰጣለሁ። አሠራሩ በስብሰባ ላይ ሲቀርብ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ይሄው ጀግና ነው። ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር «ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው» አልኩ። ባለ ጉዳዮች ቢሮዬ መጥተው «ኢንጂነር፣ እባክዎ አንዴ መጥተው ይዩት፤ ፎቶው ልክ አይደለም» ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እኛ የምናየው ፎቶው ላይ ያለውን ነው» እላለሁ። ስናገረው ደግሞ ድምፄን ወፈር አደርጋለሁ።

አሁን ነገሩ እኔው ቤት መጣ። የተከራየነውን ቤት አከራያችን ሊሸጡት ነው። ደግ ሰው ስለሆኑ «ከባዳ እናንተ ብትገዙት ይሻለኛል» ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሡን። ባንኩ ቤቱን ደህና አድርጎ ከገመተው ብድሩ ይበቃናል፤ ልጆቹም በለመዱት ግቢ ያድጋሉ። ዝቅ አድርጎ ከገመተው ዕቃችንን ጠቅልለን መውጣታችን ነው። የራሴን ጉዳይ ራሴ መገመት ስለማይፈቀድልኝ ፎቶው የሚሄደው አዲስ አበባ ላለ ገማች ነው። መረጃ ሰብሳቢው ሰኞ ይመጣል ተብለናል። ባለቤቴ ውብነሽ እስከዚያ ሳሎኑን እንቀባው ብላ፣ ልጆቹን ይዛ፣ ዛሬ ቅዳሜ በጠዋት ቀለም ልትገዛ ወጣች። ከእኔ ጋር ቤት የቀሩት አማቴ እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። እኔ ሌሊቱን በሐሳብ ስገላበጥ ስላደርኩ ስልኬን አጥፍቼ ተመልሼ ተኛሁ።

በሕልሜ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር። ባንኩ በር ላይ ስደርስ ረጅም ሰልፍ ተሰልፏል። የተሰለፉት ቤቶች ናቸው። ባለ ፎቁ ጣሪያው የመብራት ሽቦ እንዳይነካ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ የጭቃ ቤቶቹ ወደ ኋላ ተገፍተው እርስ በርስ ተደጋግፈዋል። ሁሉም የመጡት ሰው መግዣ ብድር ሊጠይቁ ነው።

«አንተ! ተገማች በጓሮ በር ነው የሚገባው» አለኝ የጥበቃው ዱላ። ጥበቃውን ወገቡ ላይ ይዞት ነበር።

ሰልፉ መሐል የእኛን ቤት አየሁት። አረንጓዴ በሩን ዘግቶ፣ ቆርቆሮውን ወደ አንድ ጎን ቀሰር አድርጎ፣ ልቡ ተሰቅሎ ቆሟል። ሲያየኝ ደነገጠ።

«ምነው መጣህ? ሰኞ ነው የሚገመተው አሉኝ እኮ።»

«አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልገዛህ ነዋ! አንተንም፣ ውብነሽንም፣ ልጆቹንም። ሊሸጡህ ነው የሚባል ነገር ሰማሁ። ባዳ ቤት ከሚወስዳችሁ ብዬ ነው።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት ስኖርበት እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔም ብሆን ከቆርቆሮው ጩኸት በስተቀር ስለ እሱ ያነሳሁት ነገር የለም።

«ደህና ዋጋ ካልሰጡህ ግን ብድሩ አይበቃኝም» አለኝ በሹክሹክታ። «እባክህ ሆድህን ሳብ አድርግ።»

ሳብ አደረግሁ።

ወዲያው የበዓል ገበያ ውስጥ ነበርኩ። ሰዎች በገመድ ታስረው ቆመዋል፤ በጎች በመሐላቸው እየተዘዋወሩ ይመርጣሉ፣ ይከራከራሉ። የባንካችን የሒሳብ ኃላፊ አቶ መንበሩ ከጎኔ ታስሯል። አንዲት በግ ከንፈሩን ገልጣ ጥርሱን አየችና «ይሄ አርጅቷል» ብላ አለፈችው። አቶ መንበሩ አልተገዛሁም ብሎ አለቀሰ።

ወደ እኔ የመጣው አንድ ወፍራም ሙክት ነው። አንገቱ ላይ ስልክና ሜትር አንጠልጥሏል።

«መረጃ ሰብሳቢ ነኝ» አለ። «ዋጋ አልሰጥም። እለካለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እልካለሁ።»

«በቀኝ በኩል ያንሱኝ፤ በቀኝ ነው የማምረው» አልኩት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ወገቤን በሰኮናው ዳበሰ። በየበዓሉ ስንቱን በግ እኔም እንዲህ ዳብሼ «አጥንት ነው» ብዬ ትቼዋለሁ። ሙክቱም ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ሜትሩን ሆዴ ላይ ዘረጋና፣ ያነበበውን አላመነም መሰለኝ፣ እንደገና ለካ።

«ይሄ ፕላኑ ላይ አለ?» አለኝ ሆዴን እየጠቆመ።

«በኋላ የተቀጠለ ነው።»

«ያለ ፈቃድ?»

ሆዴን ይበልጥ ሳብ አደረግሁ። እሱም «ያለ ፈቃድ» ብሎ መዘገበ።

«ለቀሪው ጥያቄ የቤት ሰው ያስፈልገኛል» አለ ዞር ዞር ብሎ እያየ። ከአንድ መጋረጃ ጀርባ የሴት ድምፅ «እኔ አለሁ የኔ ልጅ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልመጣልህ አለኝ።

«ዕድሜው እንዴት ነው?»

«ኧረ ያረጀ ነው! ጣሊያን ሲገባ እንኳ አሮጌ ነበር አሉ።»

«ገና ሃምሳ አልሞላኝም!» ብዬ ጮህኩ።

«ተገማች አይናገርም» አለኝ ሙክቱ። «ያፈሳል?»

«ያፈሳል ብቻ? ክረምት በመጣ ቁጥር ከስሩ ሳፋ ስደቅን ነው የማድረው።»

«ስንጥቅስ አለው?»

«ከላይ እስከ ታች። እጅህን ብትሰድ ይገባል።»

«መሠረቱስ?»

«መሠረት የሚባል አያውቅም። እንዲሁ በእግዜር ጥበቃ ነው የቆመው።»

«ታዲያ ለምን ትጠቀሙበታላችሁ?»

«እኔ ዶሮ ነው የማሳድርበት።»

ወደ ታች ሳይ እውነትም ከኮቴ ኪስ አንዲት ዶሮ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። ሙክቱ ቀረብ ብሎ ዶሮዋን አሳምሮ ፎቶ አነሳት። እኔን ከአንገት በላይ ቆረጠኝ።

ከዚያ ቢሮዬ ገባሁ። ማለቴ፣ ቢሮዬ ውስጥ በእጅና በጉልበቴ ተንበርክኬ ራሴን አገኘሁት። ጀርባዬ ላይ ከባድ ነገር ተቀምጧል። ቀና ብዬ ባይ ወንበሬ ነው። ያ ለዓመታት ያልተነሳሁበት፣ ዞር ባልኩ ቁጥር የሚያቃስተው ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር፣ መነጽር አድርጎ ኮምፒውተሬን እያየ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሆዴ፣ አንድ እጄና ዶሮዋ።

ቤታችን ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ይለምነዋል።

«ጌታዬ፣ ሰውየው ፎቶው ላይ እንዳለው አይደለም። ማታ ማታ ልጆቹን ሲያስቅ ቢያዩት! ከውጭ ሲያዩት ነው እንጂ ውስጡ ደህና ነው። እባክዎ አንዴ ጎንበስ ብለው ይዩት፤ ከእርስዎ ስር እኮ ነው ያለው።»

ወንበሩ አልተነቃነቀም።

«እኛ የምናየው ፎቶው ላይ ያለውን ነው» አለ።

ድምፁ የእኔው ነበር፤ ያ ወፈር ያለው።  «ኢንጂነር! ሰይፈ ነኝ!» ብዬ ከስሩ ጮህኩ። «እዚሁ ነኝ! አንዴ ወደ ታች ይዩ!»

«ማነው የሚያወራው?» አለ ወንበሩ።

«ማንም አይደለም፤ ተገማቹ ነው» አለ ሙክቱ።

«በል ጻፍ» አለው ወንበሩ። «አንድ የዶሮ ቤት። ያረጀ፣ የሚያፈስ፣ መሠረት የሌለው። ለመኖሪያ የማይሆን።» ማኅተሙን አንስቶ አናቴ ላይ መታው።

ቤታችን አለቀሰ። እንባው በቆርቆሮው ጫፍ እየተንጠባጠበ የቢሮውን ወለል አራሰው። ከዚያ ምንም ሳይል ዞሮ መሄድ ጀመረ። በመስኮቱ ውስጥ ልጆቼ ተሰቅለው እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ አየሁ።  «ቆይ! እኔ ውጭ ቀርቻለሁ!» ብዬ ልነሳ ብል ወንበሩ ከበደኝ። ማኅተሙ እንደገና ጓ አለ።

ነቃሁ። ጓ ያለው የግቢያችን የቆርቆሮ በር ነው።

ሕልም በመሆኑ ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ሳቅሁ። በባዶ እግሬ ወደ ደጅ ስወጣ ቤታችን እንዳለ ቆሟል፤ ሰው አያየኝም ብዬ ግድግዳውን መታ መታ አደረግሁት። እትዬ አስካለ ከጓሮው አሮጌ ማድቤት ዶሮዎቹን እሽ እያሉ ያስወጣሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው እየሳቁ መጡ።

«እንኳንም ተኛህ!» አሉኝ። «አንተ የዋህ ነህ፤ ብትነሳ እውነቱን ትዘረግፍለት ነበር።»

«ለማን እትዬ?»

«ለግብር ሰውዬ ነዋ! ሜትር ተሸክሞ፣ ስልኩን ደግኖ መጣ። ቤት ልለካ ነው፣ ፎቶም አነሳለሁ ይላል። ሰኞ ስለማይመቸኝ ነው፣ ስልክም ብደውል ዝግ ነው ምናምን አለኝ፤ እኔ መች ሰማሁት! ገና ሳትገዙት ግብር ሊቆልሉባችሁ? አስካለ ቆማ?»

ስለ መረጃ ሰብሳቢው ለእሳቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሜትር የያዘ ሰው ግቢ ከገባ ግብር መጣ ማለት ነው፤ ሁሉም የሚሸሽገውን ሸሽጎ፣ ቤቱን አሳንሶ ነው የሚጠብቀው። በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ታዲያ ምን አሉት?»

«ይሄን ትልቁን የሌላ ሰው ነው አልኩትና ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ዶሮዎቹን ማድቤቱ ውስጥ አስገብቼ፣ ይኸውልህ ቤታችን አልኩት። ያፈሳል፣ ተሰንጥቋል፣ መሠረትም የለው አልኩት። ምስኪን፣ ከንፈሩን መጠጠልኝ እኮ! ሁሉንም አንስቶ እዚሁ እንደቆመ ላከው። አሁን አዲስ አበባ ያየዋል አለኝ።» ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «አይዞህ ልጄ፤ ያንን አይቶ ቤት ነው የሚል ገማች አይገኝም።»

በሩ ተከፈተና ውብነሽ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥላ ገባች፤ ልጆቹ ከኋላዋ ብሩሾቹን ይዘው ይሯሯጣሉ። «ክሬም ገዛሁ ሰይፈ!» አለች ገና ከበሩ። «ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ነው ብለውኝ።»

ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ስልኬን ከፍቼ አዲስ አበባ ላለው ገማች ደወልኩ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

«ኢንጂነር» አልኩት፣ ድምፄ እየቀጠነ። «እባክዎ፣ አንዴ መጥተው ይዩት። ፎቶው ልክ አይደለም።»

 ከሰውየው በኩል መጀመሪያ የሰማሁት የወንበሩን ማቃሰት ነው።