ከነቅጠሉ

አንባቢ ሆይ፣ ኤሊ መሰል ጥንዚዛ አይተው ያውቃሉ? ሲነኩት ራሱንና እግሮቹን ከጋሻው ሥር ሰብስቦ ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል። ቅጠል ሰርሳሪ ዘመዱ ደግሞ ውስጡን እየበላ ላዩን ደህና ያስመስላል። የሁለቱን ጠባይ ያጣመረ ሦስተኛ ዝርያ ጅግጅጋ ውስጥ አግኝቻለሁ፤ የሚኖረው ወንበር ላይ ነው።

ወይዘሮ ሃዎ የስኳር ድንች ማሳቸውን ጥንዚዛ ሲጨርስባቸው የሰብል ባለሙያው ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ።

«ወላሂ፣ መጥተህ እየው!» አሉት።

«ይጠናል» ብሎ አንገቱን ፋይል ውስጥ ቀበረ።

«እስኪጠና ቅጠል ይተርፋል?» ሲሉት ጭራሽ ወንበሩን ጨበጠ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጥንዚዛ ሳጠና በዝምታ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ተነሣሁ። አልለቅ ያለ ጥንዚዛ የሚሰበሰበው ከነቅጠሉ ነው።

«ወይዘሮ ሃዎ፣ ወንበሩን በዚያ በኩል ያንሡ፤ ማሳው ድረስ እንሸከመዋለን!»

ስናነሣው፣ እንደ ዝርያው ወግ፣ እግሮቹን ሰበሰበ።