መንገድ የማይጠይቁት መምህር ኃይለመስቀል

በየከተማው፣ ለአገሩ ተወላጅ መንገድ ካላሳየሁ ብሎ የሚታገል አንድ ሰው አይጠፋም። ለሐረር የደረሷት ክቡር መምህር ኃይለመስቀል ናቸው። እሳቸውም ከሐረር ሱቅ ሁሉ የብስክሌት ጠጋኙን የዘከሪያን መርጠው መጡበት።

መምህሩ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው በ2008 ጡረታ ወጡ። ልጃቸው ስማርት ስልክ ሰጠቻቸው፤ የዘከሪያም መከራ ያኔ ጀመረ። በየጧቱ ሸዋ በር አጠገብ ወዳለችው ሱቁ ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ያለችውን አንዲት ሶኬት ቻርጀራቸውን ሰክተው ይይዟታል። ከዚያ ብስክሌት ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ "ወዴት ነህ?" ይሉታል። የጠየቃቸው የለም! ስልካቸው ላይ ለብስክሌተኛ መንገድ የሚያወጣ የኢንተርኔት ካርታ አለ፤ መነሻና መድረሻ ሲሰጡት ሰማያዊ መስመር ይዘረጋል። መምህሩ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ "ካርታው አይዋሽም" ይላሉ።

ካርታው ግን ይዋሻል። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ላይ የምትሠራ አንዲት ነርስ "ሁለት ኪሎ ሜትር፣ አሥር ደቂቃ" ተብላ ተላከች። ካርታው ዳገት አያውቅ! ነርሷ ብስክሌቷን ተሸክማ ደረሰች፤ ስትመለስ ግን የሰደበችው ዘከሪያን ነው። ከድሬዳዋ የመጡ ሁለት ብስክሌተኞችን ደግሞ "በአቦከር ሰፈር አቋራጭ አለ" ብለው የሰው ሠርግ ድንኳን ውስጥ ከተቷቸው። ሲነገራቸው "ካርታው ላይ ድንኳን የለም" አሉ፣ ጥፋቱ የሙሽራው እንደሆነ ሁሉ።

"ጋሼ፣ አላህን ይፍሩ! ሰው ቢጠይቁ ምን አለ?" ይላቸዋል ዘከሪያ።

"ሰው ይረሳል፣ ዘከሪያ። ካርታ አይረሳም።"

ዘከሪያ መፍቻውን ይወረውራል፤ ከዚያ ሄዶ ራሱ ያነሳዋል። እስከ ሰልማ ጉዳይ ድረስ ንዴቱ በዚሁ ያልፍ ነበር።

ሰልማ የዘከሪያ ልጅ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሦስት አሮጌ ብስክሌት አንድ ገጣጥሞላት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለማመድበት ኖራለች። በ2009 አንድ የከተማው የብስክሌት ክበብ የሴቶች ውድድር አዘጋጀ። አንደኛ የወጣችው አዲስ አበባ ሄዳ ትወዳደራለች፤ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። የውድድሩን መንገድ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? በውድድሩ ጧት ክቡርነታቸው "ገበያው ይጨናነቃል" ብለው መስመሩን በግንብ በታጠረው በጀጎል ውስጥ ወዳለች አንዲት ቀጭን መተላለፊያ አዞሩት።

ዘከሪያ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። የክበቡን ሊቀመንበር አቶ ኪዳነወልድን ሄዶ መምህሩ ባሉበት አፋጠጣቸው። "ያ መንገድ አይወጣም! የሰው ግቢ ነው የሚያስገባው!"

"መምህር በካርታ ነው የሚናገሩት። አንተ በምንህ ነው?"

"በእግሬ! እዚያ ነው ድክ ድክ ያልኩት!"

ሰልማ ክንዱን ያዘችው። "አባ፣ ተው። ከመስመሩ የወጣች ትሰረዛለች ተብሏል። መምህርም ካርታው ላይ አለ ብለዋል።"

አራት ልጆች ተነሡ። ሰልማ እየመራች መተላለፊያዋ ውስጥ ገባች፤ ሦስት ጊዜ ታጠፈችና እማማ ዘምዘም ግቢያቸው ውስጥ ያሰጡት በርበሬ ላይ ወጣች። "ያ ረቢ! በርበሬዬን!" የሚለው ጩኸት ውጭ ድረስ ተሰማ። ከኋላ የነበሩት ሦስቱ ጩኸቱን ሰምተው ተመለሱና በገበያው በኩል አለፉ። ሰልማ ዓይኗ እያነባ፣ ጎማዋ በርበሬ ለብሶ አራተኛ ገባች። ከመስመሩ የወጡትን ማንም አልሰረዛቸውም። ዘከሪያን ያንገበገበው ይህ ነው፤ የተቀጣችው የታዘዘችው ልጅ ናት።

ከሰዓት በኋላ ሰልማ ስልኳን ይዛ መጣች። "አባ፣ ይህ ካርታ ማንም የሚያውቀውን መንገድ የሚጨምርበት ነው። ያቺን መተላለፊያ የጨመረው ሰው ስሙ ተጽፏል፤ እየው።"

ኃይለመስቀል ይላል።

መምህሩ አንድ ቀን የመተላለፊያዋን አንድ አፍ አይተዋል፤ ሌላ ቀን በወዲያኛው በኩል ሌላ አፍ አይተዋል። መሃሉን በጣታቸው አገናኙት። ከዚያ "ካርታው አይዋሽም" እያሉ በገዛ ጣታቸው ሲምሉ ከረሙ!

ዘከሪያ መፍቻውን እንደያዘ ወደ ክበቡ ቢሮ ገሰገሰ። መንገዱን ሙሉ ስድብ ሲመርጥ ሄደ፤ በአማርኛ ያጣውን በሐረሪ ሞላው። ሲደርስ ግን መምህሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ኮሚቴው ፊት ቆመዋል።

"ካርታው ላይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ" ይላሉ። "ገብቼ አላየሁም። የሚያውቀው ሰው ነግሮኝ አልሰማሁም። ልጅቷ የተሸነፈችው በእኔ ስህተት ነው። ውድድሩ ካልተደገመ ጥፋቴን ከነስሜ ጽፋችሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት።"

ሠላሳ ዓመት ተማሪ ፊት ቆመው አንድ ቀን "ተሳሳትኩ" ያላሉ ሰው! ዘከሪያ ያን ሁሉ የተመረጠ ስድብ ከነመፍቻው ይዞ ተመለሰ። ይህም ራሱ አናደደው።

ውድድሩ በሳምንቱ በገበያው በኩል ተደገመ፤ ሰልማ አንደኛ ወጣች። መምህሩ ሊያዩ አልመጡም። ሱቁም አልመጡም፤ ሦስት ቀን ሆነ፣ ስምንት ቀን ሆነ። ዘከሪያ ሰላም አገኘሁ ብሎ ነበር፤ አላገኘም። አንድ ደንበኛ ስልኩን ሊሰካ እጁን ሲዘረጋ ጮኸበት። "ተው! ሶኬቱ ባለቤት አለው!"

በዘጠነኛው ቀን ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ጋራ ወዳለው የመምህሩ ቤት ወጣ። ቤታቸው ደርሶ አያውቅም። የሐረር ልጅ ሆኖ መንገድ መጠየቅ አፈረና ራሱን እየሰደበ ከሰልማ ተውሶ የያዘውን ስልክ አወጣ። መምህሩ የገዛ ቤታቸውንም ካርታው ላይ አስገብተውታል። ዘከሪያ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ካርታውንም ሠሪውንም እየረገመ ዳገቱን ወጣ። ሰማያዊው መስመር ወስዶ ወስዶ ከቁልቋል አጥር ጋር አላተመው።

"ጋሼ ኃይለመስቀል! አሁንም ይዋሻል ይሄ ካርታዎ! አጥር ነው እኮ!"

ከአጥሩ ወዲያ ያ የመማሪያ ክፍል ድምፅ መጣ።

"ካርታው ልክ ነው፣ ዘከሪያ። አጥሩ ነው ያለቦታው የቆመው።"

ዘከሪያ ብስክሌቱን አስደግፎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናቸው" አለ ለራሱ። ትንፋሹን ሰበሰበና ተነሥቶ እንደ ልማዱ ይናደድባቸው ጀመር።