የአዴ ዘይነባ ዓሣ እና የአባቴ ፊደል

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዓሣ ብላችሁ ስትጽፉ እንዴት ነው የምትጽፉት? አትፍሩ፣ አባቴ እዚህ የለም። ይኼ ቃል በአማርኛ በአራት መንገድ ይጻፋል። አራቱም ሲነበቡ ያው ናቸው፤ አራቱም ሲጠበሱ ያው ናቸው። አባቴ ዘንድ ግን ልክ የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ በዐይኑ ዓ እና በንጉሡ ሣ የተጻፈው። ሌሎቹ ሦስቱን ስሕተት እንኳ አይላቸውም፤ ነውር ነው የሚላቸው።

አባቴ ጎባ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጡረታ የወጣው ከማስተማር ነው እንጂ ከማረም አይደለም። የሰርግ ጥሪ ሲደርሰው መጀመሪያ ያርመዋል፤ ማን እንደሚያገባ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜማ የዕድር ማስታወቂያ ላይ እስክሪብቶ አውጥቶ ሲያርም የዕድሩ ጸሐፊ ደርሶበት ሁለት ሳምንት ተኳርፈዋል።

እኔ ደግሞ ሮቤ ትንሽ ኮምፒውተር ቤት ነበረችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን የሚጠፋበት ዘመን ነበር። አዳማ ሄጄ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ግን ድረ ገጽ መሥራትም ጨመርኩበት። ደንበኛ አልነበረኝም። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አዴ ዘይነባ ናቸው፤ አዴ እኛ ዘንድ ለእናቶች የአክብሮት መጠሪያ ነው።

አዴ ዘይነባ ከሮቤ መጥታችሁ ጎባ ስትገቡ፣ መንገዱ ዳር፣ ዓሣ የሚጠብሱ ሴት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ቤቱን የያዙት ብቻቸውን ነው። ከተራራው ወንዞች የወጣ ዓሣ እንጂ ሌላ አይሸጡም። ዓሣ ደግሞ ማን አረደው አይባልም። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣል። በግ ሸጦ ከጊኒር የመጣ ነጋዴ፣ ሆስፒታል ሰው ጠይቆ የወጣ ገበሬ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚበላው። አባቴም በጾም እዚያው ነው። ለዚህ ነገር ከንስሐ አባቱ ጋር ስንት ዓመት ተከራክሯል።

አንድ ቀን አዴ ዘይነባ ኮምፒውተር ቤቴ መጡና ተቀመጡ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “ተራራውን ሊያይ የሚመጣው ሰው በደጄ ያልፋል። አንገቱን ደፍቶ ስልኩን እያየ ነው የሚያልፈው። ሰሌዳዬን ማን ይየው? እንዲህ ከቀጠለ እስከ ረመዳን እዘጋለሁ፤ ጊኒር እህቴ ጋ እገባለሁ።”

“ታዲያ ምን ላድርግልዎ?” አልኳቸው።

“ስልኩ ውስጥ አስገባኛ።”

አስረዳኋቸው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ የጻፈው ቃል እኛ ገጽ ላይ ካለ መፈለጊያው እኛን ያመጣለታል፤ ይኼ ቃል ቁልፍ ቃል ይባላል አልኳቸው። “ቁልፉ ማን ጋ ነው ያለው?” ብለው ጠየቁኝ። ሣቅሁ። አያችሁ፣ ያኔ መሣቅ አልነበረብኝም።

ከአዳማው ሥልጠና ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው “ቁልፍ ቃሉን ገጹ ውስጥ አስገቡ” የሚለው ብቻ ነው። አሠልጣኙ “ግን አታብዙ” ሲል ሻይ ልጠጣ ወጥቼ መሰለኝ። እናም አስገባሁ። “ዓሣ ከፈለጉ የጎባ ዓሣ፣ ምርጥ ዓሣ፣ የዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ለሚወዱ ዓሣ” እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። አባቴ እንዲያርምልኝ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

“ፊደሉ ልክ ነው” አለኝ። “ግን ይህን ስትጽፍ ስቅታ ይዞህ ነበር?”

ሰማሁት? አልሰማሁትም። ፊደሉ ልክ ነው ካለ በቂዬ ነው ብዬ ለቀቅሁት።

አንድ ወር አለፈ። ማንም አልመጣም። አዴ ዘይነባ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን በደጃቸው ማለፍ እያፈርኩ በወዲያኛው አስፋልት መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ራሳቸው አስጠሩኝ። አንድ የአዳማ ሰው ጎማው ተንፍሶ ጎሚስታ እስኪጨርስለት እሳቸው ቤት ገብቶ ይበላል። ከአዳማ ጀምሮ ጎባ ላይ ዓሣ የት እንደሚበላ በስልኩ ሲፈልግ መጥቶ አላገኘም። ያገኘው በጎማው ነው።

“እስቲ ምን ብለህ ነው የፈለግኸው?” አልኩት።

ቅባት በነካው ጣቱ ጻፈልኝ። “ጎባ አሳ ጥብስ።” በአልፋው አ፣ በእሳቱ ሳ። ያን ሁሉ ዓሣ ደርድሬ አንድም እንደዚህ የተጻፈ አልነበረኝም። መፈለጊያው ለካ እንደ አባቴ ነው፤ ሌላ ፊደል ካየ ሌላ ነገር ይመስለዋል። ሰውየውን ለምን በዐይኑ ዓ አልጻፍክም ብዬ ስጠይቀው፣ ስልኩ ላይ ያንን ፊደል የት እንደሚያገኘው እንደማያውቅ ነገረኝ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። “አባዬ፣ አሳ ብዬ ልጽፈው ነው፤ በአልፋውና በእሳቱ።”

መነጽሩን አወለቀ። “አንተ? የእኔ ልጅ?”

“ሰው የሚፈልገው እንደዚያ ብሎ ነው።”

“ሰው ከተሳሳተ ሰው ይታረማል እንጂ ፊደል አይታረምም” አለና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። በማግስቱ ግን ነገሩ አላስቀመጠውም። አዴ ዘይነባ ይፍረዱን ብሎ ይዞኝ ሄደ። ያስተማራቸው ልጆች ይህን ገጽ አይተው ምን እንደሚሉት፣ ስሙ እንዴት እንደሚጠፋ አስረዳቸው። ሲቀልድ አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

አዴ ዘይነባ ዓሣውን እያገላበጡ ሰሙት።

“መምህር” አሉት፣ “እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አይፍረዱብኝ። ግን ከገሰራ የመጣው ገበሬ በኦሮምኛ ቁርጡሚ አለ ወይ ይለኛል፤ አለ እለዋለሁ። የቢሮው ሰው ዓሣ አለ ይለኛል፤ አለ እለዋለሁ። ልጅ በኮልታፋ አፉ ሲጠራውም አቀርብለታለሁ። አንዱንም፣ መጀመሪያ አስተካክለህ ጥራው ብዬ ከደጄ መልሼ አላውቅም።”

አባቴ ወደ ገበታው ቀረበ። የቀረበለትን በላ። እጁን ታጠበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ወረቀት አምጣ” አለኝ።

ራሱ ጻፈው። ርእሱን “ጎባ ውስጥ ጥሩ አሳ ጥብስ የት ይገኛል?” አለው፤ መንገደኛ እንደሚጠይቀው አድርጎ። አሳ የምትለዋን ሲጽፍ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አንሥቶ መልሶ አስቀምጧል። ከሥሩ መንገዱን፣ ቤቱን፣ የአዴ ዘይነባን ድልህ በአጭሩ አሰፈረ። ገጹ ላይ ካለው የጥብሱ ፎቶ ግርጌ እንዲገባም “ቁርጡሚ” ብሎ ጨመረ። መሐል ላይ አንድ ቦታ፣ አንዲት ብቻ፣ በዐይኑና በንጉሡ የተጻፈች ዓሣ አስቀመጠ። “እቺን ብታነሣ አልምርህም” አለኝ።

የድሮውን ገጽ አጥፍቼ የእሱን ለቀቅሁት። መጀመሪያ አንድ መኪና ቆመ። በሳምንቱ ሁለት። ከዚያ አዴ ዘይነባ የሚጠብስ ሰው ቀጠሩ፤ ወደ ጊኒርም ለዒድ እንጂ ለመኖር አልሄዱም። እንግዳ በገባ ቁጥር “በየትኛው ቃል መጣህ?” ብለው ይጠይቃሉ። አብዛኛው በአልፋው ነው የሚመጣው።

አንድ እሑድ ከአባቴ ጋር እዚያ ተቀምጠን ስንበላ ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌ ከነቤተሰባቸው አጠገባችን ነበሩ። በልተው ሲጨርሱ ስልካቸውን ይዘው ወደ አባቴ ዞሩ።

“ምግቡ ግሩም ነው” አሉ። “ይህን የጻፈው ሰው ግን አማርኛ አልተማረም እንዴ? ዓሣ በዐይኑ ዓ እና በንጉሡ ሣ መሆኑን እንኳ አያውቅም።”

አባቴ ስልኩን ተቀብሎ አየ። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

“ልክ ብለዋል” አለ፣ በእጁ እኔን እያሳየ። “የጻፈው ይኼ ልጄ ነው። ስንት ጊዜ መከርኩት።”

እኔም አፌ ሙሉ ስለነበር አንገቴን ደፍቼ መብላቴን ቀጠልኩ።