የደመናው አጋፋሪ

ሰማይን እንደ ርስት የያዘ ሰው የሌለበት መንደር የለም። የአንዱ መንደር ባለርስት ዝናብ ያውቃል፣ የሌላው ነፋስ ያሸታል። የእኛው አያ ደምለው ግን ዝናቡንም ነፋሱንም፣ የላካቸውንም ጭምር አውቃለሁ ባይ ናቸው። እኔ በልቤ "የደመናው አጋፋሪ" እላቸዋለሁ፤ እግዜር ዘንድ የሚገባውም የሚወጣውም በእሳቸው በኩል ነውና።

ማለዳ ማለዳ አጥሬን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ወደ ጮቄ ተራራ አቅንተው ይጀምራሉ። "እግዜር በየወቅቱ ይናገራል፤ ሰሚ ነው የጠፋው!" ከዚያ ትርጓሜው ይከተላል። ክረምት ዘሩ አፈር ውስጥ የሚቀበርበት ነው፤ ጌታም ተቀብሮ ነበር። በጽጌ አበባው ከእመቤታችን ጋር ይሰደዳል። ሁዳዴ ሲገባ ሣሩ የሚደርቀው መሬቱም ከእኛ ጋር ስለሚጾም ነው። ጎረቤታችን ባዘዘው አንድ ቀን "ታዲያ በሬዬ ምን ይብላ?" ቢላቸው፣ "እሱም ይጹም፤ ክርስቲያን ቤት አይደል የተወለደ?" አሉት።

ትንቢታቸው ግን እንደ ትርጓሜያቸው አያምርም። ማሬ ልጇን ስትድር "ዛሬ ጠብታ የለም፣ ዳሱን መክደን ድካም ነው" ብለው አስተዉዋት፣ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው በስብሰው ዋሉ። ሰው ሲያፋጥጣቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ፀሐይዋማ መጥታ ነበር፤ ዘፈናችሁን ሰምታ ነው አፍራ የተመለሰች።" አያ ደምለው ተሳሳትሁ ብለው አያውቁም።

እንዲህ ያለ ሰው በደኅና ቀን ያስቃል። በጣሊያን ዘመን፣ በሠላሳ አንድ መስከረም ግን ሳቅ ሸሽቶኝ ነበር። ባለቤቴ አበረ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ጭኑን በጥይት ተመትቶ፣ ቆጡ ላይ ደብቄዋለሁ። መራመድ አይችልም። ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ መጥቶ መንደራችንን ቤት ለቤት እንዳይፈትሽ ያገደው የሞላው ወንዛችን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ድንገት ደራሽ ጎርፍ መጥቶ በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው ወስዶበታል።

አገር ሁሉ ገብሱ እንዳይበሰብስበት ፀሐይ ሲለምን፣ እኔ ብቻ ዝናብ እለምናለሁ። እግዜር ማንን ይስማ? አደይ አበባ ባየሁ ቁጥር ወንዙ ሊጎድል ነው እላለሁ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ትናንት የተሸፈነው ድንጋይ ዛሬ አናቱን አውጥቶ አገኘዋለሁ። ደንግጬ እንስራዬን ሳልሞላ የተመለስሁበትም ቀን አለ።

በዚህ ላይ አያ ደምለው አጥሬን አይለቁም። አንድ ማለዳ ስለ ቀስተ ደመና ሲያስተምሩኝ አበረን ከቆጡ ላይ ሳል ያዘው። ክው አልሁ። አፋቸውን ዘግተው የማያውቁት ሰውዬም ስብከታቸውን አቋርጠው ወደ ቤቴ ዞሩ።

"ሥራነሽ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ጥጃሽን ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ።"

"አዎን አያ፣ ብርዱ ነው" አልሁ። ጥጃ እንደሌለኝ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ወሬያቸውን ከሰማይ ወደ ምድር ያወረዱ ዕለት አለቀልን ብዬ፣ ከገበያ በተመለሱ ቁጥር ፊታቸውን ፊታቸውን ሳይ ከረምሁ።

ከዕንቁጣጣሽ በኋላ ፀሐይዋ ወጣች። አያ ደምለው ያን ማለዳ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው "ክረምቱ ወጣ ሥራነሽ! ከእንግዲህ ጠብታ የለም" አሉኝ። ሌላ ሰው አልሰማቸውም። ረፋዱ ላይ የጣሊያን ጦር ወንዙ ማዶ ደረሰ። ጭቃ ሹሙ ሁላችንንም ወንዙ ዳር ሰበሰበን፤ አስተርጓሚው ከማዶ ጮኸ።

"ውኃው ጎድሏል! ዛሬ ጭነት ብናሻግር ያሳልፈናል ወይስ መልሶ ይሞላል? አዋቂ ሰው አቅርቡ!"

ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ። አያ ደምለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቁ እንደኖሩ አውቃለሁ፤ ማለዳ ያሉኝን ሊደግሙት ነው አልሁ። ጮቄን አዩ፤ አፈር ዘግነው አሸተቱ።

"እንዳትሞክሩት!" ብለው ጮኹ። "የተራራው ውኃ ገና አልወረደም! ዛሬ የጎደለው ሊያታልላችሁ ነው፤ መካከል ስትደርሱ ይመጣባችኋል። መስቀል ይለፍ!"

ማዶ ሆነው ተማከሩ። በቅሎዎቻቸው ትዝ ሳይሏቸው አልቀሩም፤ ድንኳን ተከሉ።

ማታውን ልኬባቸው፣ በነጋታው በማለዳው ጭጋግ የአበረ የማኅበር ወንድሞች መጡ። በቃሬዛ አስተኝተው፣ ጋቢ አልብሰው፣ ጠበል የሚሄድ በሽተኛ አስመስለው "እግዚኦ" እያሉ በጮቄ በኩል ወደ ዲማ ገዳም ወሰዱት። ጠብታ አልወረደም። ወንዙ ሕፃን የሚሻገረው ሆነ። ጣሊያን ጠብቆ ጠብቆ፣ መስቀል ሳይደርስ ተሻግሮ ቤቱን ሁሉ በረበረ፤ ከቆጤ ላይ ከሽንብራ በቀር ምንም አላገኘም። አያ ደምለውን ግን በሰው ፊት አስተኝቶ ገረፋቸው።

መንደሩም ከማዘኑ መሳቁ ባሰ። "ዘንድሮስ ደመናው ጉድ ሠራዎት!" አሏቸው። እሳቸው "ተሳሳትሁ" አሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነቱን ተናግሬ ላስከብራቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ለአበረ ስል ዋጥሁት።

ለጀርባቸው ቅቤ ይዤ ሄድሁ።

"አያ ደምለው፣ ያን ዕለት እግዜር ምን ብሎዎት ነው?"

"ምንም አላለኝም" አሉ በሆዳቸው እንደተኙ። "የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ዝም አለ። እጅግ ፈርቼ ነበር ሥራነሽ። ዝም ማለቱን ግን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።"

አለቀስሁ። በአበባውም በደመናውም ፈልጌ ያጣሁት እግዜር ያን ቀን እዚያ ጎጆ ውስጥ ነበር። አያ ደምለው ግን ልቅሶ አይወዱም። እንደ ምንም አንገታቸውን ቀና አድርገው በበሩ በኩል ሰማዩን አጮለቁ።

"ይልቅ ያሰጣሽውን ገብስ አስገቢ፤ ከቀትር በኋላ በረዶ ይጥላል።"

ወጣሁ። ሰማዩ ላይ የጥፍር ያህል ደመና አልነበረም። ጎረቤቴ ሽታዬ "ምነው ሥራነሽ፣ በዚህ ፀሐይ!" እያለች ስትስቅብኝ፣ ገብሴን አንድም ሳላስቀር አፍሼ አስገባሁ።