ከአስፋልት የማይወርድ ሕግ

ሕግን ከአስፋልት ሳይወርድ የሚያስከብር ተቆጣጣሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ዘንድሮ ይሁን አምና ለመማል ግን ትዝታዬ አያስደፍረኝም።

ቦታው የመርካቶው በርበሬ በረንዳ ነው። እትዬ በላይነሽ፣ በርበሬ እየነፉ በመሸጥ የሚተዳደሩት የአማኑኤል ሰፈር ጎረቤቴ፣ ለበዓል ገበያ ሲጣደፉ አንድ ኮት የለበሰ ተቆጣጣሪ መጥቶ ወንፊታቸውን ያዘ።

«ያለ ፈቃድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች አፈሩን የሚያጣሩት በእንዲህ ያለ ወንፊት ነው» አለ። «በእነሱ ምክንያት የገጠሩ ወንዝ ደፍርሷል፤ ከብቱም ወርቁን በሚለዩበት ሜርኩሪ እየተመረዘ ነው። ስለዚህ ተወርሷል።»

«ታዲያ ልጄ፣ ወንዙን ያደፈረስኩት እኔ ነኝ? እዚያው ሄዳችሁ አትይዟቸውም?»

«መንገዱ መኪና አያስገባም፣ እትዬ።»

ይህን ጥልቅ የአካባቢ ጥበቃ ፍልስፍና ማን ደፍሮ ይሞግታል? የወርቅ አውጪዎቹ መቆፈሪያ ኤክስካቫተር የገባበት መንገድ ለመንግሥት መኪና አልተመቸም፤ መርካቶ ግን በታክሲም ይደረሳል።

እትዬ በላይነሽ ያለ ወንፊት የበዓሉ ገበያ ሊያልፋቸው ነው። ተቆጣጣሪው ሊሄድ ሲል ዘወር አለና፣ «ለቤቴ አንድ ኪሎ በርበሬ ይስጡኝ፤ በደንብ የተነፋ ይሁን» አላቸው።

«ወንፊቱ በእጅዎ ነው ጌታዬ፤ እርስዎ ይንፉት» አሉና ያልተነፋውን የበርበሬ ዱቄት አቀረቡለት።

ኮቱን አውልቆ ነበር የነፋው ወይስ እንደ ለበሰ? አላስታውስም። ሲያስነጥስ ግን አንዋር መስጊድ ድረስ ተሰምቷል። ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ እንባው እየወረደ፣ ወንፊቱን በዳበሳ መለሰላቸውና ብይኑን ሰጠ፦

«ይህስ ለወርቅ አይሆንም።»